ፒኤችዲ ለምታመለክቱ የጎጃም ልጆች፦ መጀመሪያ የሚፈለገው ስኮላርሺፕ ነው ወይስ አማካሪ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ማስተርሴ በአፈር ሳይንስ ነው። አሁን ፒኤችዲ ልጀምር እያሰብኩ ዙሪያዬን ሳይ አንድ ነገር አላስችል አለኝ። አብረውኝ የሚያስተምሩት ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ ተጥደው ነው የሚያመሹት። ሙሉ ወጪ ይሸፍናል የሚል ዝርዝር በተለቀቀ ቁጥር ይሯሯጣሉ። ሲቪያቸው አንድ ነው፣ ደብዳቤያቸውም አንድ ነው። ለኮሪያም ለሃንጋሪም ለካናዳም ያንኑ ይልካሉ። መልስ ሲጠፋ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ካልሆንክ አይሰጡህም ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ፒኤችዲ ስትጠይቅ አንድን ሰው ነው የምትጠይቀው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለዓመታት አብረን እንሥራ እያልከው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጥናት ጥያቄህን ያዝ። ቀጥሎ በዚያ ጥያቄ ላይ የሚሠራውን ሰው ፈልግ። የገንዘቡ ነገር ከዚያ ይከተላል። ጥያቄ ደግሞ አላጣንም። የጮቄ ተራራ አጠገባችን ነው። ጣና በእምቦጭ ተወርሯል። አዊና ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብሱም ስንዴውም እምቢ ያለበት ብዙ ቦታ አለ። ትስማማላችሁ? የተሳካላችሁስ በየት በኩል ሄዳችሁ ነው?

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ የመጣው መልስ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም በጣም ረጅም ነው። ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው በተራ ቁጥሩ እየነገርኩ አስቀምጠዋለሁ። የራሴንም ሐሳብ መሐል መሐል ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1። የጀመሩት ባሕር ዳር የሚያስተምሩ፣ በዕድሜ ከብዙዎቻችን ከፍ የሚሉ ጋሼ ናቸው። በሐሳቤ እንደሚስማሙ ገልጸው፣ ነገሩ ግን እንደ አገሩ እንደሚለያይ አስረዱ። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው የሚመርጠው የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ነው። ከፕሮፌሰር ጋር ቀድሞ መጻጻፍ ይጠቅማል እንጂ ብቻውን አያስገባም። ትምህርቱ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚገባበትም አለ። ገንዘቡ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በረዳት አስተማሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ከመሥራት ነው። ጀርመን በተለመደው የግል ዶክትሬት፣ ማለት በአንድ ፕሮፌሰር ሥር ለብቻህ በምትሠራው፣ ከሄድክ ግን መጀመሪያ የሚቀበልህ ፕሮፌሰር ያስፈልጋል። የስዊዘርላንድ መንግሥት የኤክሰለንስ ስኮላርሺፕም የተቀባይ ፕሮፌሰር ደብዳቤ ይጠይቃል። ስዊድን፣ ኖርዌይና ኔዘርላንድስ ደግሞ ፒኤችዲ በአብዛኛው ሥራ ነው። ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል፣ ደመወዝ አለው፣ የምትወዳደረውም ለተወሰነ ፕሮጀክት ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ከጻፉ በኋላ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቃቸው ጋበዙ። እግዜር ይስጥልን፤ ይህን ልዩነት ሳይዙ መጀመር ድካም ነው።

መልስ 2 ሊንክ በኢንቦክስ እንዲላክለት የጠየቀ ወንድም ነው። ኢንቦክስ ባንላላክ ደስ ይለኛል። እዚሁ የተጻፈ ነገር ለሌላውም ይተርፋል።

መልስ 3። አንድ ልጅ የአሜሪካ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ ምርምር ፌሎውሺፕ ጠቆመ። ለ3 ዓመት በዓመት 37,000 ዶላር የኑሮ አበል እንደሚሰጥም ጨመረ።

መልስ 4 ወዲያው አረመው፣ ትንሽ ቆጣም አለ። ያ ፌሎውሺፕ ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቢደክም አያገኘውም። ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም በየዝርዝሩ ይገባል፤ ኢትዮጵያ ግን የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ ስኮላርሺፕ ደግሞ ለአንድ ዓመት ማስተርስ እንጂ ለፒኤችዲ አይደለም። ዝርዝር የሚለጥፍ ሰው፣ ማን ማመልከት እንደሚችል የሚለውን አንቀጽ ሳያነብ ባይለጥፍ ምን አለበት ባይ ነው። ቁጣው ልክ ነው። የመልስ 3 ባለቤትም ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አስተካከለ።

መልስ 5። ከሁሉም በላይ ልቤን የያዘው ይህ ነው። የጻፈችው ቡሬ ያደገች፣ በግብርና ምርምር የምትሠራ እህት ናት። አሁን ፒኤችዲዋን ውጭ አገር እየሠራች ነው። መጀመሪያ ለብዙ ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ልካ አንድም መልስ አላገኘችም። ቀይራ የጻፈችው አንድ ቀን ባንጃ ወረዳ ለመስክ ሥራ ሄዳ ያየችውን ይዛ ነው። ገበሬው ገብስ የማይሰጠውን አሲዳማ መሬት ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለበት፣ ከሰል እያከሰለ ነው የሚኖረው። እሷ የጠየቀችው ዛፉ ተቆርጦ ከሰሉ ከወጣ በኋላ አፈሩ ምን ይሆናል፣ አሲዱ ይብሳል ወይስ ይሻላል የሚለውን ነው። የከሰል ምድጃው የነበረበትንና ያልነበረበትን አፈር ለይታ የለካችው ትንሽ ሠንጠረዥም ነበራት። በዚያ ኢሜይል መልስ አገኘች።

ለሴቶች ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች። ኦደብልዩኤስዲ የሚባለው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ለፒኤችዲ ፌሎውሺፕ ጥሪ ሲያወጣ እንድንከታተለው ነው ያሳሰበችው። ትምህርቱ በሌላ ታዳጊ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ነው። ልጅ ይዛ ለምትማር ሴት ጥሩ መንገድ ሆኖ አግኝታዋለች።

መልስ 6 ኢሜይሉ እንዴት እንደተጻፈ በዝርዝር እንድትነግረን ለመናት። እኔም ከሥሩ ለመንኳት።

መልስ 7። የቢቸና ሰው ነው፣ አባቱ መሪጌታ ናቸው። እኔ የጻፍኩትን በአባቱ ዘመን የቆሎ ተማሪ ሕይወት አስረዳው። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ ከአገሩ ሲወጣ የሚሄደው ወደ የኔታ እገሌ ነው። ቅኔ የፈለገ ቅኔ ያለበትን ጉባኤ ይጠይቃል፣ ድጓ የፈለገ የድጓ መምህር ይጠይቃል፤ የደብሩ ትልቅነት ሁለተኛ ነው። ፒኤችዲም እንደዚያው ነው ባይ ነው። እኔ ካልኩት እሱ ያለው ይበልጣል። ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

መልስ 8 ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤት ሄደ። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ተነሣ። ከሞጣ አንዱ፣ ከደጋ ዳሞት ሌላው እየተቀባበሉ ከሥሩ ብዙ ጻፉ። ደስ የሚል ንባብ ነው፤ ለብቻው ቢከፈት ሁላችንም እንገባበታለን። ወደ ጉዳያችን የመለሱን ጋሼ ናቸው።

መልስ 9። የቡሬዋ እህት ተመልሳ መጣች። ኢሜይሏ ከስልክ ስክሪን የማያልፍ ነበር። ርእሱ ላይ ፒኤችዲ እፈልጋለሁ የሚል ነገር አልጻፈችም፤ የጻፈችው አሲዳማ አፈር፣ ዲከረንስ፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚል ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደሆነችና ምን እንዳየች ይናገራል። ሁለተኛው የፕሮፌሰሩን አንድ ጽሑፍ አንብባ ያልተመለሰላትን ጥያቄ ያነሣል። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያስጠነቀቀችው፣ ማጠቃለያውን ብቻ አንብቦ እንዳነበቡ መጻፍ እንደሚያስነቃ ነው። የመጨረሻው በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ስኮላርሺፕ የምታመለክትበትንም ይጠቅሳል። ሲቪዋ ሁለት ገጽ፣ ከሠንጠረዡ ጋር በአንድ ፒዲኤፍ። የተከበሩና ታላቁ የሚል ረጅም ሙገሳ የለበትም። መልስ ካልመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቆ አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ማለፍ ነው።

መልስ 10 ስለ ሰነድ ነው፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው የጻፈው። ምሬቱ ያስታውቃል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ዕዳውን መጨረስ አለበት። ከዚያ ሬጅስትራር መመላለስ አለ። እሱ የተመላለሰበትን ቢሮ ስም አላነሣም፤ እኔም አላነሣም። በዚህ ላይ የስም ፊደል ነገር አለ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ኋላ ብዙ አንከራተተው። የምረቃው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎም በ2012 የጨረሰውን ልጅ ፈረንጆቹ በእነሱ 2012 እንደጨረሰ አድርገው ቆጠሩበት። ከሰባት ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አስመሰለው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሰነዱን ዛሬውኑ አውጥቶ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል እንዲያመሳክር መከረ።

መልስ 11። አንድ ጀርመን የሚኖር ወንድም በትሕትና አረመው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከቻ ስካን የተደረገ ኮፒ ይበቃቸዋል፤ የታሸገውን ኦፊሻል የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ኮስት ሼሪንጉን ስላልጨረስኩ ዘንድሮ ይለፈኝ ብሎ መቅረት አያስፈልግም፤ ያመለከቱበትን ቦታ መመሪያ ማንበብ ነው። እንግሊዝኛውም ላይ እንዲሁ። የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚቀበሉ ብዙ አሉ። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውድ ነው፤ ውጤቱም የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ሳያስፈልግ መፈተን ገንዘብ መጣል ነው። በዚያው የዲግሪ ውጤታችሁ (ጂፒኤ) ለሚያስጨንቃችሁ ስሌቱን አስቀመጠ። ጀርመኖች የሚጠቀሙበት የባቫሪያ ቀመር አለ። ከከፍተኛው 4 ላይ የእናንተን ውጤት ትቀንሳላችሁ፣ ለ2 ታካፍላላችሁ፣ በ3 ታባዛላችሁ፣ 1 ትደምራላችሁ። 3.4 ያለው ሰው 1.9 ይሆናል። እዚያ ትንሹ ቁጥር ነው ጥሩ ውጤት።

መልስ 12። የዳንግላ ልጅ ናት። ስለ ዴድላይን የጻፈችው በጣም ይጠቅማል። የአሜሪካ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ዲሴምበር 1 ወይም 15 ይዘጋሉ። በእኛ ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 6 መሆኑ ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት አንድ ቀን ይቀንሳል። በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀር የሚዘጋ ከሆነ፣ በክረምታቸው እኛ ጋ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ59 ነው። የጀርመኑ ግን በራሳቸው ሰዓት እንደዚያው ከተዘጋ እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ59 ላይ አበቃ። እንደ አሜሪካው ጠዋት አደርሳለሁ ብሎ የተኛ ሰው አልፎታል። ክፍያም አለ። የአሜሪካዎቹ የማመልከቻ ክፍያ በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ዶላር ይደርሳል። ከእኛ ባንክ ካርድ ያንን መክፈል የሚከብደው ሰው ለትምህርት ክፍሉ ጽፎ ይቅርልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ መጠየቅ ግን ከመዝጊያው ቀደም ብሎ ነው።

መልስ 13። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ስሙን ያልገለጸ ወንድም፣ ውጭ ያላችሁ ሰዎች ስለ ደቂቃና ስለ ቀመር ስታወሩ እኛ ያለንበትን አታውቁም ባይ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አስታወሰ። ዋይፋይ ያለበት ግቢ ደጃፍ ተቀምጦ ነው ፋይሉን የላከው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ለኤምባሲ ቀጠሮ አዲስ አበባ መድረስ ጭንቅ ነው። ከደጀን ወርዶ ዓባይን መሻገር ለሌላው ሰው ጉዞ ነው፤ ለእሱ ግን ነገ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል ጥያቄ ነበር።

የዳንግላዋ ልጅ ከሥሩ እሷም እዚሁ እንዳለች፣ ያንኑ እንዳየችና የጻፈችውም ለዚሁ እንደሆነ መለሰችለት። ኔት በማይታመንበት አገር ከመዝጊያው ሳምንት ቀደም ብሎ መላክ ነው የሚያዋጣው። ቅጹን ቀድሞ ከፍቶ ጥያቄዎቹን ገልብጦ፣ መልሱን ኔት ሳይኖር ጽፎ ጨርሶ፣ ኔት ሲመጣ መለጠፍ ይቻላል። አንድ ፕሮፌሰር ስለ ኔት መቋረጡ በሁለት መስመር ቀድማ ብታስረዳው ጊዜ እንደጨመረላትም ነገረችው። ወንድማችን አመሰገናት። እኔ የሁለቱንም እረዳለሁ። ችግሩን ሳይነግሩ መታገል ግን ጀግንነት አይደለም፤ ለሚመለከተው ሰው በጊዜ መንገር ይሻላል።

መልስ 14 ስለ ሪኮመንዴሽን ነው። ብዙ አስተማሪዎች አንተ ጻፈውና እፈርማለሁ ይላሉ። ያ ደብዳቤ ከተማሪው ማመልከቻ ጋር በቋንቋው ይመሳሰላል፣ አንባቢውም ያውቀዋል። ባይሆን ለአስተማሪው የሠራችሁትን ሥራ በነጥብ ጽፋችሁ ስጡት፣ እሱ በራሱ ቃል ይጻፈው። ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንዲላክ ማድረግም ጥሩ ነው፤ ከጂሜይል የመጣን አንዳንዱ ቦታ ይጠራጠረዋል። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ስለምጽፍ እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ደብዳቤ መጻፍ የአስተማሪ ሥራ ነው። ተማሪው ደጅ ሊጠናበት አይገባም።

መልስ 15 ማስታወቂያ ነበር። በክፍያ አፕላይ አደርጋለሁ፣ ተቀባይነቱ ዋስትና አለው የሚል ሰው ስልኩን ለጥፎ ሄደ። መልስ 16 እና 17 አልማሩትም። አንዱ እህቱ የወርቅ ሐብሏን ሸጣ ለእንዲህ ዓይነት ደላላ ከፍላ በነፃ የሚሞላ ቅጽ ተሞልቶ እንደተሰጣት ጻፈ። ሌላው በገንዘብ ጽሑፍ የሚያወጡ የውሸት ጆርናሎችንም አብሮ አነሣ። ከፍሎ በሳምንት ውስጥ የወጣ ጽሑፍ ሲቪ ላይ ሲታይ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ማስታወቂያው ተነሥቷል። ተቀባይነትን ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው የለም። የጥናት ሐሳቡን ሌላ ሰው የጻፈለት ሰውም ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚመልስ አላውቅም።

መልስ 18። በጣም የጋለው እዚህ ነው። አንድ አዛውንት፣ ሄዳችሁ ላትመለሱ ለምን ዕውቀት ትለዋወጣላችሁ፣ አገሩን ባዶ አደረጋችሁት ብለው ተቆጡ። ብዙዎች መለሱላቸው፤ አንዳንዱ ከአክብሮት የወጣ ስለነበረ ተሰርዟል። በጨዋነት ከመለሱት አንዷ፣ ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ ስኮላርሺፕ ከጨረሱ በኋላ ለ2 ዓመት ወደ አገር የመመለስ ግዴታ እንዳለበት፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህርም ለትምህርት ሲወጣ ዋስ ጠርቶ ውል ፈርሞ እንደሚሄድ አስታወሰች። ጋሼም ገቡበት፣ በእርጋታ። ሰው ሳይነቀል የሚማርበት መንገድ እንዳለ አሳዩ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ቭሊር በሚባለው የዚያው አገር ዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት ድጋፍ በጣና ተፋሰስ ላይ ይሠራል። ሳንድዊች በሚባለው ፒኤችዲ መስኩ እዚህ፣ ላብራቶሪውና ጽሑፉ እዚያ ይሆናል። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅትም በአፍሪካ ውስጥ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለው።

አባታችን መቆጣታቸው ከሐዘን ነው፣ እረዳቸዋለሁ። ጥያቄውን ከዚህ መሬት ያነሣ ሰው ግን ለመረጃው ሲል እንኳ ተመልሶ ይመጣል። የመስክ ሥራው ባንጃ ወይም ጮቄ ነውና። የጥናት ጥያቄያችሁን ከቤታችሁ አንሡ የምለው አንዱ ምክንያቴ ይኸው ነው።

መልስ 19። ከሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ ያገኘ ልጅ አንደኛው ቶሎ ወስን ብሎ እንዳስጨነቀው ጻፈ። መልስ 20 ገላገለው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ውሳኔ አለ፤ ከነገንዘብ ድጋፉ የተሰጠን ቅበላ ተማሪው እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ ድረስ አስቦ መመለስ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ፈራሚ መሆኑን አይቶ በትሕትና ጊዜ መጠየቅ ነው። ልጁ ጠይቆ ተፈቅዶለታል። እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ።

መልስ 21። የቡሬዋ እህትና ጋሼ ተነጋግረው ነው የጻፉት። ባለ አንድ ገጽ የጥናት ሐሳብ ያለው ሰው እዚሁ እንዲለጥፍ ጠየቁ። የአፈሩንና የውሃውን እነሱ ያያሉ፣ የጀርመኑ ወንድም ደግሞ ደብዳቤዎቹን። የጤናና የኢንጂነሪንግ ሰው ጎድሎናል፤ የምትችሉ ስማችሁን አስመዝግቡ። አንድ ገጽ ሲባል ጥያቄው፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ በምን እንደምትለኩትና የማንን ሥራ እንዳነበባችሁ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከሰከላ ተለጥፏል። ባሕር ዛፍ ሲበዛ ምንጮች ይደርቃሉ የሚባለውን በልኬት ለማየት የሚፈልግ ልጅ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ዝናቡን ከዛፉ እንዴት እንደሚለይ ግን አልጻፈም። የሃይድሮሎጂ ሰዎች ካላችሁ ከሥሩ ግቡለት።